ለቤት ጥንቸል ድርቆሽ መርጦ መግዛት

አዲስ አበባ ውስጥ ጥንቸል ማሳደግ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በመኖው ነው። በዘሌዋውያን መጽሐፍ ምዕራፍ 11 ጥንቸል ከማይበሉት እንስሳት ጋር ስለተቆጠረች የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ሥጋዋን አይበሉም፤ በዚህም የተነሣ እንደ በግና እንደ ዶሮ በየመንደሩ የምትረባ እንስሳ አልሆነችም፣ እንደ ዶሮ መኖ ተመዝኖ የሚሸጥ የጥንቸል መኖም በየሱቁ አይገኝም። ጥንቸል የሚያሳድገው ባብዛኛው ልጆቹ ለምነው ያስገዙት ወላጅ ነው፤ አለዚያም እንደ እኔ እንስሳቱን በጠባያቸው የወደደ ሰው ነው። ቡሬና ዳማ የተባሉ ሁለት ጥንቸሎቼን በኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ማሳደግ ከጀመርሁ ዓመታት ያለፉ በመሆናቸው፣ ለከብት ተብሎ ከሚመጣው ድርቆሽ መካከል ለጥንቸል የሚሆነውን እንዴት እንደምለይ፣ መቼ እንደምገዛና እንዴት እንደማስቀምጥ ለሌሎች ይጠቅም ዘንድ እጽፋለሁ።

ብዙ ሰው ጥንቸል ካሮት በልታ የምታድር ይመስለዋል። ካሮት ስኳር ያለበት ሥር በመሆኑ አልፎ አልፎ በቁራሽ ካልሆነ በስተቀር አይሰጥም፤ ዳቦና ፉርሽካም ለዕለት ምግብነት አይሆኑም። ያደገች ጥንቸል ከምትበላው ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሣር ወይም ድርቆሽ መሆን አለበት። አንዱ ምክንያት ጥርሷ ነው፤ 28ቱም የጥንቸል ጥርሶች፣ የፊቶቹም ሆኑ የመንጋጋዎቹ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፤ የፊት ጥርሶቿ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። ድርቆሽ ስታኝክ መንጋጋዋ ወደ ጎንና ጎን ስለሚመላለስ ጥርሶቿ እርስ በርስ ይሞረዳሉ፤ ለስላሳ ምግብ ብቻ የምታገኝ ጥንቸል ግን የመንጋጋ ጥርሶቿ እየሾሉ ምላሷንና ጉንጯን ይወጓታል። ሌላው ምክንያት አንጀቷ ነው። አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰው በድርቆሹ ውስጥ ያለው ረጅም አሰር ሲሆን፣ ጥንቸል ማስታወክ ስለማትችል የገባው ሁሉ የግድ በታች መውጣት አለበት። ከ12 ሰዓት በላይ ሳትበላ የቆየች ጥንቸል አንጀቷ ሥራውን ሊያቆም ይችላልና ድርቆሽ ቀንም ሌሊትም ከፊቷ መጥፋት የለበትም።

መኖ መሸጫ ሄዳችሁ «ሣር አለ?» ብትሉ ድርቆሽም፣ ጭድም፣ የስንዴ ወይም የገብስ ገለባም ሊቀርብላችሁ ይችላል፤ ሻጩ ሦስቱንም የከብት መኖ አድርጎ ስለሚያያቸው ልዩነቱን መጠየቅ የገዢው ፈንታ ነው። ድርቆሽ ሣሩ ገና አረንጓዴ ሳለ ታጭዶ የደረቀ ነው። ጭድ ጤፉ ከተወቃ በኋላ የሚቀረው ነው፤ ገለባም የስንዴውና የገብሱ ትራፊ ነው። እህሉ ሲያፈራ የተክሉ ጉልበት ሁሉ ወደ ፍሬው ስለሄደ የቀረው አሰር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የጤፍ ጭድ ከስንዴ ገለባ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ላም ሲቸግራት ትከርምበታለች፤ ሠፈራችን ውስጥ ደግሞ ከላም ይልቅ ለግድግዳ ጭቃ የሚገዛው ይበዛል። ለጥንቸል መተኛ ይሆናል፣ ብትቀማምሰውም አይጎዳትም፤ ዋና ምግቧ ግን ሊሆን አይችልም። በዓይን ለመለየት አያስቸግርም፤ ጭድ በውቂያ ስለተረገጠ አጫጭርና አንድ ዓይነት ቢጫ ነው፣ ቅጠልም የለውም፤ ድርቆሽ ግን ረዣዥም ነው፣ ቅጠሉ፣ ግንዱና የሣሩ ራስ ተቀላቅለው ይታያሉ።

ወደ አዲስ አበባ የሚገባው የተፈጥሮ ሜዳ ድርቆሽ ባብዛኛው ከሱሉልታ፣ ከጫንጮ፣ ከሰንዳፋና ከሆለታ አካባቢ የሚመጣ ነው። ክረምቱ ሲገባ ባለ መሬቱ ሜዳውን ይከልለዋል፤ ከብት ሳይገባበት ከርሞ መስቀል ካለፈና ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል። አንድ ዓመት ሙሉ የምትመግቡት ድርቆሽ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ሣሩ ራስ አውጥቶ ማበብ ሲጀምር ቢታጨድ ቅጠሉ ብዙ፣ ግንዱም ለስላሳ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ሰማዩ ገና አይታመንም። ገበሬው ዝናቡን ፈርቶና ክብደቱም እንዲጨምርለት ብሎ ሲያዘገየው ሣሩ ዘሩን ያራግፋል፣ ግንዱ እንጨት እንጨት ይላል፣ ፕሮቲኑም ይቀንሳል። ታጭዶ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው፤ ውኃው የሚሟሟውን ምግብ አጥቦ ይወስዳል፣ ሳይገላበጥ ከቆየም ከሥር ይሻግታል።

ስለዚህ ለሻጩ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ዋጋ አይደለም፤ መቼ ታጨደ፣ ዝናብስ ነክቶታል ወይ የሚለው ነው። ከመኖ ነጋዴ ይልቅ ከባለ ሜዳው መግዛት የምመርጠውም ነጋዴው ድርቆሹን ከየት እንደጫነ እንጂ መቼ እንደታጨደ ብዙ ጊዜ ስለማያውቅ ነው። በጎጃም መንገድ፣ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው በኩል፣ በኅዳር ወር ከመንገዱ ዳር ክምሩ በክምር ላይ ሆኖ ይታያል። አንድ አዛውንት ገበሬ ዘንድ ቆሜ «አባባ፣ ይህ መቼ ነው የታጨደው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጥቅምት ማብቂያ ላይ ነው ልጄ፤ ዝናብ አላየም። ስንት ላም አለሽ?»

«ላም የለኝም፤ ለጥንቸል ነው።»

ሳቁብኝ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ይልቁንም በጉዳዩ አሰቡበትና «እንግዲያማ ከዚህኛው አትውሰጂ፤ ይህ ከረግረጉ የወጣ ነው፣ እንግጫ አለበት። ለትንሽ አፍ የሚሆነው ከዳገቱ የታጨደው ነው» ብለው ወደ ኋላ ወዳለው ክምር መሩኝ። ይህ ምክር ከሰማኋቸው ሁሉ የጠቀመኝ ነው። እንግጫ ሣር ይምሰል እንጂ ግንዱ ሦስት ማዕዘን ያለው ጠንካራ ተክል ነው፤ በሁለት ጣት ይዛችሁ ብታሽከረክሩት ማዕዘኑ ይታወቃችኋል፣ የሣር ግንድ ግን ክብ ነው። መርዝ የለበትም፤ ነገር ግን ጥንቸል እየለየች ትተወዋለችና የከፈላችሁበት ድርቆሽ ግማሹ ጥራጊ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ቤሉ ምርመራ ልለፍ፤ ቤል የሚሉት በገመድ ወይም በሽቦ የታሰረውን አራት ማዕዘን ድርቆሽ ነው። ባብዛኛው ከ12 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ሳይፈታ በፊት አነሣዋለሁ፤ በመጠን ከጓደኞቹ እኩል ሆኖ ሳለ በክብደት ጎላ ብሎ የሚበልጥ ቤል ካለ እርጥበት ይዟል ብዬ እጠረጥራለሁ። ድርቆሽ ሲታሰር እርጥበቱ 15 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን ይገባዋል፤ ከ20 በመቶ ካለፈ ውስጡ መጋልና መሻገት ይጀምራል። ሳይደርቅ ታስሮ በብዛት የተከመረ ድርቆሽ ራሱን በራሱ እስከ ማቃጠል የሚደርስበት ጊዜም አለ። ቀጥሎ እጄን በገመዶቹ መካከል አስገብቼ ጣቶቼ እስከ መሐል እንዲደርሱ እገፋለሁ። ውስጡ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ መልካም ነው፤ ለብ ያለ ወይም ጣት ላይ የሚያጣብቅ ነገር ከተሰማኝ ያንን ቤል ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያሉትንም እተዋቸዋለሁ፣ አብረው ታስረው አብረው የተከመሩ ናቸውና።

ከዚያ አንዱን ቤል እንዲፈቱልኝ እጠይቃለሁ። አንዳንድ ሻጭ በዚህ ቅር ይሰኛል፤ የተፈታውን ቤል ባይጥመኝም እንደምከፍልበት አስቀድሜ ስናገር ግን እምቢ ያለኝ የለም። የምርጫው ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የውጭው ቀለም ብዙ አይናገርም። ፀሐይ የመታው የቤል ጎን ይነጣል፤ ይህ የሚቀንሰው የቪታሚን ኤ መነሻ የሆነውን ነገር እንጂ አሰሩን አይደለም፣ ጥንቸሏም ያንን ከሚሰጣት ጎመንና ቅጠላ ቅጠል ታገኘዋለች። በተቃራኒው ከላዩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቡናማ የሆነ ቤል አጋጥሞኛል፤ ያ ማለት ሳይደርቅ ተጨምቆ ታስሯል ማለት ነው። ስለዚህ ከመሐል አንድ ጭብጥ አወጣና አፍንጫዬ ላይ አደርሰዋለሁ። ጥሩ ድርቆሽ የሣር ሽታ አለው፣ ጣፈጥ የሚል፤ የበሰበሰ ጆንያ ወይም የምድር ቤት ሽታ ሻጋታ ነው፤ የትምባሆ ወይም የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ሽታ ደግሞ በውስጡ ሙቀት እንደነበረ ይነግራል። ከብት ይህን የኋለኛውን ወድዶ ሊበላው ይችላል፤ እኔ ለጥንቸል አልገዛውም።

ሽታው ካለፈ ጭብጡን በሁለት እጅ ይዤ አጣምመዋለሁ። ለስላሳው ይታጠፍና ተመልሶ ይላላል፤ ያረጀው ጠቅ እያለ ይሰበራል፣ መዳፍንም ይወጋል። ትንሽ የመውጋት ጠባይ መኖሩ ግን አይከፋም፤ ሁሉም ለስላሳ ቅጠል ብቻ የሆነ ድርቆሽ ለጥርስ የሚሰጠው ሥራ ትንሽ ነው። በመጨረሻም ጥቁር ጨርቅ ዘርግቼ ጭብጡን ሦስት አራት ጊዜ በላዩ አራግፈዋለሁ። የሚረግፈው የቅጠል ፍርፋሪና የሣር ዘር ከሆነ ግድ የለም፤ አፈር ከሆነ ሲታጨድ ወይም ሲሰበሰብ ከመሬት ጋር ተጠርጓል ማለት ነው፤ እንደ ዱቄት ቡን ብሎ የሚነሣና ጉሮሮ የሚከረክር ግራጫ ወይም ነጭ ብናኝ ከሆነ ግን ሻጋታ ነው። ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ብቻ ስለሆነ አቧራማ ድርቆሽ ቶሎ ያስነጥሳታል፣ ዓይኗንም ያስለቅሳታል። እናንተም አስም ካለባችሁ ይህን ስታደርጉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ እኔ ነጠላዬን እጠመጥማለሁ።

በተፈታው ቤል ውስጥ ምን ምን ተክል እንዳለም ጊዜ ወስዶ ማየት ተገቢ ነው። ሰርዶና ሙጃ ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ቀጫጭንና ቅጠላም ናቸው። ማገጥም በደጋ ሜዳ ላይ ከሣሩ ጋር አብሮ ስለሚበቅል ጥቂት ጥቂት ይገኛል፤ የባቄላና የአተር ወገን በመሆኑ ፕሮቲን ይጨምራል፣ ቤሉን ከሞላው ግን ላደገች ጥንቸል ይበዛባታል። ሰንበሌጥ ለቤት ክዳን፣ አክርማም ለስፌት የሚፈለጉት ጥንካሬያቸው ስለሆነ ያ ጥንካሬ ለጥንቸል አይጠቅማትም። የደረቀ የአደይ አበባ ግንድ አንዳንዴ ይወጣል፤ እለቅመዋለሁ። የበለጠ የሚያሠጉኝ ኮሸሽላና ጭጎጎት ናቸው፤ የመጀመሪያው እሾሁ ከንፈርና ምላስ ይወጋል፣ ሁለተኛው ፀጉሯ ላይ ተጣብቆ ይቋጠራል፣ ዓይን አጠገብ ከሆነም ያቆስላል። አስተናግር ያለበትን ደግሞ አልወስድም፤ ደርቆም መርዙ አይጠፋምና። ከከተማው አጠገብ ባሉ ሜዳዎች የታጨደ ከሆነ የፌስታል ቁራጭና የሽቦ ስባሪ ፈልጉ። ይህን ሁሉ ከእስሩ መርጦ ማውጣት ይቻላል፤ በየጭብጡ የሚገኝ ከሆነ ግን የዓመት ሥራ መግዛት ነው።

ዘርተው የሚያመርቱት ድርቆሽም አለ። የአጃ ድርቆሽ፣ ፍሬው ገና ወተት ሳለ የታጨደ ከሆነ፣ ጥንቸሎች እጅግ የሚወዱት ነው፤ ቡሬ ከክምሩ ውስጥ ራሱን እየፈለገች በከንፈሯ ትመዝዘውና ከጫፉ ጀምራ እንደ እርሳስ መቅረጫ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች። ፍሬው ከጠነከረ በኋላ የታጨደው ግን እህል መሆኑ ነው፣ ያወፍራል። ሮደስ የተባለው ሣር በመስኖ በሚያለሙ ሰዎች ዘንድ ይገኛል፤ ግንዱ ቀጭን ሳለ ከታጨደ እንደ ሜዳው ሣር ያገለግላል። አልፋልፋ ከእነዚህ ይለያል። ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ከሣር ድርቆሽ በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ ከ6 ወር በታች ላሉ ግልገሎች፣ ለምታጠባና ለከሳች ጥንቸል መልካም ሲሆን፣ ላደገች ጤነኛ ጥንቸል የዘወትር ምግብ ሊሆን አይገባም። ጥንቸል የተረፈውን ካልሲየም የምታስወጣው በሽንቷ በመሆኑ ሲበዛ ሽንቷ እንደ ኖራ ውኃ ነጥቶ ይወፍራል፣ ፊኛዋም ውስጥ ይዘቅጣል። ነጋዴዎች አልፋልፋን «አንደኛው» ብለው በውድ ስለሚያቀርቡ ይህን ማወቅ ገንዘብም ያተርፋል።

በኢንተርኔት የሚያነቡ ሰዎች ቲሞቲ የተባለውን የውጭ ሣር ካላገኙ ጥንቸላቸው የምትሞት ይመስላቸዋል። ቲሞቲ በአሜሪካና በአውሮፓ የታወቀው እዚያ በደንብ ስለሚበቅል ነው፤ በጊዜው የታጨደ ንጹሕ የሜዳ ሣር ቦታውን ይተካል። በቨርጂኒያ የምትኖር እኅቴ ለጥንቸሏ የምትገዛው ይህንኑ ቲሞቲ ነው፤ እዚያ ግን አጨዳው በቅደም ተከተል ስለሚሸጥ የመጀመሪያው አጨዳ ግንድ የበዛበት፣ ሁለተኛው ቅጠሉና ግንዱ የተመጣጠነ፣ ሦስተኛው ደግሞ በጣም ለስላሳ መሆኑን አውቃ ትመርጣለች። እኛ ዘንድ የተፈጥሮ ሜዳው በዓመት አንዴ ስለሚታጨድ ምርጫው በአጨዳ ተራ ሳይሆን በአጨዳ ቀን ነው።

ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ የማልገዛቸው አሉ። ዩሪያ የተረጨበት ጭድ አንዱ ነው፤ ለሚያመሰኩ እንስሳት ተብሎ የሚዘጋጅ ሲሆን ለጥንቸል አደገኛ ነው፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ የአሞኒያ ሽታውም ያስታውቃል። ከብቱ እንዲበላው ተብሎ የሞላሰስ ወይም የጨው ውኃ የተረጨበትም አለ፤ እርጥበቱ ሻጋታ ይጠራል፣ ስኳሩም አንጀቷን ያውካል። ከአቃቂ ወንዝ ዳር የታጨደ ሣር፣ ደረቀም አልደረቀም፣ ወንዙ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ የሚወርድበት በመሆኑ ቤቴ አይገባም። መጋዘኑ ውስጥ የአይጥ ኩስ ካየሁም ተመልሼ እወጣለሁ። በበዓል ሰሞን በግ ተራ በጭብጥ የሚሸጠው ለአንድ ሳምንት መጠባበቂያ ይሆናል፤ በኪሎ ሲሰላ ግን ከቤሉ ብዙ ጊዜ ይወደዳል።

ዋጋው አጨዳ ባለበት በኅዳርና በታኅሣሥ ይረክሳል፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ ይጨምርና ክረምት ላይ ጣሪያ ይነካል፣ ያን ጊዜ የሚገኘውም ተመርጦ የቀረው ነው። ስለዚህ የዓመቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን ከ60 እስከ 100 ግራም ድርቆሽ ትበላለች፣ የምትረግጠውና የምትሸናበት ሲጨመር 120 ግራም አድርጎ መያዝ ይሻላል። ለሁለት ጥንቸሎች በዓመት 88 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ ቤሉ 15 ኪሎ ከሆነ 6 ቤል ማለት ነው። ቤል የሚሸጠው በቁጥር እንጂ በሚዛን ስላልሆነ፣ ላላ ተደርጎ የታሰረ 11 ኪሎና ጠብቆ የታሰረ 18 ኪሎ በአንድ ዋጋ ሊቀርቡ ይችላሉ፤ የእጅ ሚዛን ይዤ መሄዴ ለዚህ ነው። 6 ቤል የሚያስቀምጥበት ቦታ የሌለው ሰው ከሌላ ጥንቸል ወይም በግ አሳዳጊ ጋር ተካፍሎ ሊገዛ ይችላል። ጭነቱ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ቢወጣም ባለ ታክሲው ሸራ እንዲያለብሰው ለምኑት፤ እንጦጦን ሲሻገሩ ካፊያ የማይጠፋበት ጊዜ አለ።

ጥሩ ድርቆሽ ገዝቶ በመጥፎ አቀማመጥ ማበላሸት እንደሚቻል የሚገልጠው የአዲስ አበባ ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት በሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠን ቤል ከሥሩ ያሻግተዋል። እኔ በረንዳዬ ላይ የእንጨት ርብራብ አነጥፌ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቄ እደረድረዋለሁ፤ በጎንና በላይ አየር እንዲያልፍ ትቼ ዝናብ የሚያርፍበትን በኩል ብቻ በሸራ እጋርዳለሁ። ፕላስቲክ ውስጥ ጠቅልሎ ማሰር ከዝናብ የሚያድን ይመስላል፤ ነገር ግን ከድርቆሹ የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ተመልሶ ያርሰዋል። የተፈታውን በጆንያ ወይም ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ማኖር የተሻለ ነው። ክረምት ላይ ፀሐይ በወጣ ቁጥር የሳምንቱን ድርሻ ማናፈስ ደግ ነው፤ ሆኖም አንዴ የሻገተውን ፀሐይ አያድነውም፣ ሽታው ቢጠፋ እንኳ መርዙ ስለሚቀር ከነአካባቢው ተነሥቶ መጣል አለበት።

በኅዳር አዲሱ ድርቆሽ ሲመጣ በአንድ ቀን አትለውጡት። የጥንቸል አንጀት ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ለለመዱት መኖ የተስማሙ ስለሆኑ፣ መጀመሪያ ከአሮጌው ላይ ሩቡን ብቻ በአዲሱ እየተኩ በአንድ ሳምንት ከግማሽ ውስጥ መጨረስ ይበጃል። በዚህ ጊዜ ከምትበላው ይልቅ የምታስወጣውን ማየት ብዙ ያስረዳል። ድርቆሹ የተስማማት ጥንቸል ኩስ ክብና ተለቅ ያለ ነው፣ ሣር የመሰለ ወርቃማ ቡናማ ቀለም አለው፣ በጣት ሲጫኑትም እንደ መጋዝ ብናኝ ይፈርሳል፤ ትንንሽ፣ ጥቁርና ጠንካራ ከሆነ ወይም እርስ በርሱ በፀጉር ከተያያዘ አሰሩ አንሷታል ማለት ነው። ሌሊት የምታወጣውንና መልሳ የምትበላውን፣ የወይን ዘለላ የሚመስለውን ለስላሳ ኩስ ግን በሽታ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ ከእርሱ ቪታሚንና ፕሮቲን ታገኛለች፤ ሳትበላው በየቦታው እየቀረ ከሆነ ብቻ ጥራጥሬና ፍራፍሬ በዝቶባት እንደሆነ መርምሩ።

አዲሱን ድርቆሽ አሽትታ ብትተወው አሮጌውን ጨምሩላት፤ አሮጌውንም ካልነካች ጥፋቱ የድርቆሹ ላይሆን ይችላል፣ ጥርሷ ወይም ሆዷ ታሞ ይሆናልና ሳታሳድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። አብዛኞቹ የእንስሳት ሐኪሞቻችን በየቀኑ የሚያዩት ከብትና ውሻ ስለሆነ፣ ከቤት ስትወጡ ከበላችው ድርቆሽ አንድ ጭብጥ በወረቀት፣ ከኩሷም ጥቂት ፍሬ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ የመጨረሻዋን ጉርሻ በስንት ሰዓት እንደበላችም ጻፉና ለሐኪሙ ስጡት።